ትልቁ ዲ፣ ትንሹ ዲ

ትንሹ ዲ ነው፣ አለቀ። ይህን የምለው አልጋዬ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ነው፤ ተኝቼ ስል ጋደም ብዬ ማለቴ ነው እንጂ እንቅልፍስ በዚህ ሰፈር አላለፈም። እዚህ አገር በጋ ሲሆን ጸሐይዋ ሳይጠሯት የምትመጣ እንግዳ ናት፣ ገና ሰው ሳይነሳ በመጋረጃው ጠርዝ ሾልካ ገብታ ግድግዳው ላይ ትዘረጋለች፣ እኔም እሷን እያየሁ ዛሬ ስብሰባው ላይ የምናገረውን እለማመዳለሁ። እንቅልፍ የነሳችኝ ግን ጸሐይዋ አይደለችም፣ እማዬ ናት። እማዬ ይህን ጊዜ እዚያ አገር ቤት፣ ጥቁር ቦርሳዋን ብብቷ ስር አጥብቃ፣ ከወንድምጋሼ ጋር ኤምባሲው በር ላይ ተሰልፋለች፤ እኔ ዘንድ መጥታ እንዳያት ቪዛ ይሰጧት ወይ ይከለክሏት እንደሆነ ዛሬ ይለያል። ባለፈው ከልክለዋታል። ስለሱ ላለማሰብ ስለ አንዲት ፊደል እሟገታለሁ። ከማን ጋር? ከሽበቱ ጋር፣ መሥሪያ ቤት ካለው አንጋፋ ባልደረባዬ። ሽበቱ እዚህ የለም፣ እቤቱ ለጥ ብሎ ተኝቷል፣ እኔ ግን እየረታሁት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ መሥሪያ ቤት የጥርስ ሐኪሞች ቀጠሮ የሚይዙበትን ፕሮግራም ነው የምንሠራው። ኮድ ውስጥ ለእያንዳንዱ ነገር ስም እናወጣለን፣ ስሙ ውስጥ ደግሞ ክፍት ቦታ መተው አይቻልም፣ ስለዚህ ቃላቱን አጣብቀን እንጽፍና ዓይን እንዲለያቸው የእያንዳንዱን ቃል መጀመሪያ በትልቁ ፊደል እናደርጋለን። እስከዚህ ድረስ ጸብ የለም። ጸቡ የሚመጣው ምህጻረ ቃል ሲመጣ ነው። የሰው መለያ ቁጥር የሚቀመጥበትን ሽበቱ userID ብሎ ይጽፋል፣ ዲውን ትልቅ አድርጎ፤ ሌሎቻችን userId እንላለን፣ ዲውን ትንሽ አድርገን። ሰው ሲያየው አንድ ነው፣ ለማሽን ግን ትልቁ ዲና ትንሹ ዲ ተያይተው የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ባለፈው ወር አንድ ሽማግሌ ጉንጫቸው አብጦ ሐኪማቸው ዘንድ ሄዱ፣ ቀጠሮ የለዎትም ተባሉ፣ ቀጠሯቸው ለካ በትልቁ ዲ ተመዝግቦ በትንሹ ዲ ነው የሚፈለገው። ሁሉም ሰው ኔትወርኩን ሲራገም ዋለ። ስህተቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ ስኮራበት ደግሞ አላፍርም፣ ምክንያቱም አገር ይያዝ ብዬ ከመጮህ ይልቅ ቁጭ ብዬ ፊደል ቆጠርኩ። ቡድን መሪያችን «እንግዲያው አንድ ሕግ ይውጣ፣ ሕጉንም አንቺ አምጪ» አለችኝ።

ሽበቱ አልወደደውም። ፕሮግራሙን ከመሠረቱ የገነባው እሱ ነው፣ ጸጉሩም የሸበተው እዚያው ወንበር ላይ ነው ይባላል። በነሱ ቋንቋ አንተና አንቱ አይለይም፣ እኔ ግን በሆዴ አንቱ ነው የምለው፣ ስጣላው እንኳ በአክብሮት ነው የምጣላው። «እነዚህ ፊደሎች» አለኝ፣ «እያንዳንዳቸው አንድ ሙሉ ቃል ወክለው የቆሙ ናቸው። ትንሽ ስታደርጊያቸው ክብራቸውን ትነሺያቸዋለሽ።» «እኔ የምፈልገው ክብር ሳይሆን ድንበር ነው» አልኩት። «እርስዎ HTTP እና API የሚሉትን ሁለት ምህጻረ ቃላት አጣብቀው HTTPAPI ብለው ሲጽፉ ሰባት ትልልቅ ፊደል ትከሻ ለትከሻ ተሰልፎ ይቆማል። አንዱ የት አልቆ ሌላው የት ጀመረ? HttpApi ብንለው ግን ዓይን አይስትም። ምህጻረ ቃል ስም ውስጥ ከገባ እንደማንኛውም ቃል ይኑር፣ ከፊት አንድ ትልቅ ፊደል፣ ከኋላው ትንንሾቹ።» ወደ ወንበሩ ሄደ። የሄደው ተሸንፎ አይደለም፣ አውቀዋለሁ፣ ነገር እያላመጠ ነው። ዛሬ ይመጣበታል፣ ይምጣ።

እሱ የማያውቀው አንድ ነገር አለ፣ እኔ ያደግኩበት ፊደል ትልቅና ትንሽ አያውቅም። ሀ ሁልጊዜ ሀ ነው፤ ዐረፍተ ነገር ቢጀምር ቢጨርስ፣ የንጉሥ ስም ላይ ቢቀመጥ የውሻ ስም ላይ ቢቀመጥ ቁመቱ አይጨምርም። ትምህርት ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቁ ኤና ትንሹ ኤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ሲጻፉ እጄን አውጥቼ፣ ቲቸር፣ በመልክ እንኳ አይመሳሰሉም፣ ምናቸው ነው የሚያገናኛቸው? እላለሁ። «አባትና ልጅ ናቸው፣ ቁጭ በይ» ይሉኛል መምህሩ። ቁጭ አልኩ፣ ግን አልተዋጠልኝም። ስለዚህ ሌላው ሰው ከእናቱ ጡት ጋር የጠባውን ነገር እኔ አይቼና መዝኜ ነው የተማርኩት፣ የት እንደሚጠቅም የት እንደሚያስቸግር ከነሱ ይልቅ ለኔ ይታየኛል። እኛ ስናሳጥር ፊደል አናገዝፍም፣ እዝባር ነው የምናስገባው። ትምህርት ቤት ት/ቤት ይሆናል፣ ፍርድ ቤት ፍ/ቤት። እዝባሯ እዚህ ጋ የዋጥኩት ነገር አለ ብላ ትናገራለች፣ አንባቢውም የተዋጠውን ከሆዷ አውጥቶ በሙሉ ያነበዋል። ጥሩ ዘዴ ነው። ጥሩ የሚሆነው ግን አንባቢው የተዋጠውን ሲያውቅ ነው፣ ይህንን እዝባሯ ራሷ እኛ ቤት ድረስ መጥታ ነው ያስተማረችኝ።

አባዬ ወታደር ነበር። መኮንን አይደለም፣ አለቃም አይደለም፣ ሲገባም ወታደር ሲወጣም ወታደር። ከስሙ ፊት የሚጽፉለት ወ/ር ነው፣ እሱ ደግሞ በዚህች እዝባር ይበግናል። «ወታደር ስንት ፊደል ነው?» ይለኛል ጫማውን እየጠረገ፣ አራት እላለሁ፣ «ሁለቱን ያወጡና አንድ እዝባር ይከቱበታል፤ ከምስኪን ወታደር ላይ አንዲት ፊደል ለመቆጠብ!» ይስቃል። እማዬ ደግሞ እንደማንኛዋም ባለትዳር ወ/ሮ ናት። ወ/ር እና ወ/ሮ፣ አንዲት ሮ ናት የምትለያቸው፣ ቤታችን ውስጥ እንደ ቀልድ ነበረች፤ እማዬ ስትቆጣው «ዛሬ ወታደሩ ማን እንደሆነ አልታወቀም» ይላል። ባለፈው ግን ቀልዱ መረረ። ለቪዛው የጋብቻ ማስረጃ ያስፈልግ ነበርና ጸሐፊው ከድሮው መዝገብ ሲገለብጥ እጁ ለምዶበት የአባዬን ወ/ር ወ/ሮ ብሎ ይመታዋል፣ ተርጓሚው ያየውን ይተረጉማል፣ ሰነዱ ኤምባሲ ሲደርስ እናቴ የአንዲት ወይዘሮ ባለቤት ሆና ቁጭ። ስልክ ደወልኩ።

«ምን አሉሽ እማዬ?»

«ባልሽ ሴት ነው አሉኝ።»

«ምን?»

«ወረቀቱ ወይዘሮ ነው የሚለው አሉኝ። ያንን ሁሉ ዘመን ካልሲ ያጠብኩት ለወይዘሮ ነው በያ!»

ሳቅኩ፣ እሷም ሳቀች፤ ግን መከልከል መከልከል ነው፣ ምክንያቱ ቢያስቅም። እኔ መሄድ አልችልም፣ የመኖሪያ ወረቀቴ በሂደት ላይ ስለሆነ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። እሷ ናት መምጣት ያለባት። ጉልበቷ ደግሞ ከዓመት ዓመት እየከዳት ነው፣ «ደህና ነኝ» ስትል ድምጿ ከደረጃ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ፣ መሃል ላይ አርፋ ነው የምታወራኝ።

አባዬን አልቀበርኩትም። ይህ ነገር በቀን ሥራ ስሠራ አይመጣብኝም፣ ጋደም ስል ግን እንደ ዛሬው ይመጣና አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ወንድምጋሼ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞልኝ በቪዲዮ ነው ያየሁት፤ ሰው ይታየኛል፣ የእማዬ ጀርባ ይታየኛል፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይቆማል፣ ምስሉ ደርቆ ይቀራል፣ አንድ ሰውዬ ያነሳው አካፋ አልወረደም። እኔ ኩሽና ውስጥ ቆሜያለሁ። ስልኩን አንቀጠቀጥኩት፣ እንደሱ ሲያደርጉት ይሠራ ይመስል። በማግስቱ ሥራ ገባሁ፣ ለማንም አልተናገርኩም፣ ሽበቱ ብቻ «ዓይንሽ አብጧል» አለኝና ሳይጠይቀኝ ያን ቀን የኔን ሥራ ሠራልኝ። አንቱ የምለው ለዚህ ነው። አባቴን ሳልሸኝ ቀረሁ፣ ያንገበግበኛል፣ ይህ ማሳጠሪያ የለውም።

ግን እናቴን አመጣታለሁ። እኔ ነገር ሲበላሽ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም። ለወንድምጋሼ ደወልኩና አንድ ጊዜ ነው የነገርኩት፦ «ስማ፣ ከእንግዲህ እዝባር የሚባል ነገር አልፈልግም። ማስረጃው ላይ ወ/ሮ የሚለውን ሁሉ ወታደር ብላችሁ በሙሉ አስጽፉ፣ አስተርጉሙ፣ አስገቡ።» «እሺ አለቃዬ» አለኝ። አስጻፈ፣ አስተረጎመ፣ አስገባ። ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ እንኳ አላልኩትም፤ ግልጽ ነገር ነው የነገርኩት፣ ምን ይሳሳታል?

ተነሣሁ። ሻወር፣ ልብስ፣ ቁልፍ፣ ባቡር። ባቡሩ ውስጥ ሁሉም ሰው ስልኩ ላይ አቀርቅሯል፣ እኔም አቀረቀርኩ፣ ከወንድምጋሼ መልእክት መጥቷል፣ «ገብታለች፤ ስልክ አያስገቡም፣ እኔ ውጭ ነኝ» ይላል። ገብታለች። ከመስኮቱ ጀርባ ማን እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደሚጠይቃት፣ አስተርጓሚው ሰው ይሁን አውሬ አላውቅም። አውቃለሁ የምለው ወረቀቱ አሁን ትክክል መሆኑን ነው። እሱ ይበቃል።

ስብሰባው ላይ ሽበቱ እንዳልኩት ክርክሩን ይዞ ተመለሰ። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ነጩ ሰሌዳ ላይ የትናንት ጽሑፍ በደንብ አልጠፋም፣ እሱ ላይ ደርቤ ጻፍኩ። ሽማግሌውን ጠቀስኩ፣ ያበጠውን ጉንጭ ጠቀስኩ። «ይኸው» አልኩ፣ «ሕጉ አንድ መስመር ነው። ምህጻረ ቃል ቃል ነው፤ አንድ ትልቅ፣ ሌላው ትንሽ፣ ሁልጊዜ።» ሽበቱ ጢሙን ነካ ነካ አደረገና «ልቤ ከትልቁ ዲ ጋር ነው፣ ግን ለሁለት ዲ ከመገዛት ለአንዱ መገዛት ይሻላል፣ ያንቺው ይሁን» አለ። ረታሁት፣ ጨዋ ሰው ሲረቱት ደግሞ ደስ ይላል። ቡድን መሪዋ «መቼ ነው የምትቀይሪው?» አለች። «ስክሪፕቱ ተጽፎ አልቋል። በስም መጨረሻ ላይ ያለውን ትልቅ ዲ እየፈለገ ትንሽ ያደርገዋል። ኮዱን የሚፈትሹትን ሙከራዎችም አብሮ ይቀይራል፣ ሞክሬዋለሁ፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ አልፏል።» «ሁሉንም በአንዴ?» «ሁሉንም በአንዴ» አልኩ። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ወንድምጋሼ ነው፣ ይቅርታ ብዬ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

«ወጣች?»

«አልወጣችም። ስሚኝ፣ ኮፒውን ዛሬ ገና ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አባዬ ወታደር ሆኗል።»

«ጎሽ፣ ታዲያ?»

«እማዬም ወታደር ሆናለች።»

ኮሪደሩ ላይ የውሃ ማሽን አለ፣ እሱን ያዝኩ።

«እንዴት ነው እማዬ ወታደር የምትሆነው?»

«ወ/ሮ የሚለውን ሁሉ አላልሽም? ሁሉንም ቀየሩት። የሷም ስም ፊት ያለው ወ/ሮ ነው። ማመልከቻው ላይ ደግሞ ውትድርና አገልግለሽ ታውቂያለሽ ወይ ለሚለው በፍጹም ብለን ሞልተናል። አንዱ ወረቀት ወታደር ይላል፣ አንዱ በፍጹም ይላል። ውሸታም ሊሏት ነው።»

«ደውልላት፣ ንገራት!»

«በምን ልንገራት? ስልኳ እኔ ኪስ ውስጥ ነው።»

«ሁሉ» ያልኩት እኔ ነኝ። ጸሐፊው አይደለም፣ ተርጓሚውም አይደለም፣ ወንድምጋሼም ምን ያድርግ፣ ያልኩትን ነው ያደረገው። እኔ ነኝ በተማመነ አንደበቴ ሁሉ ያልኩት፣ አሁን እናቴ መስኮት ፊት ቆማ ያልዘመተችውን ዘመቻ ትጠየቃለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፣ እኔ ያፈሰስኩትን የምትለቅመው ግን እማዬ ናት፣ በዚያ ጉልበቷ። ምንም ማድረግ አልችልም። ስልኩን ኪሴ ከተትኩና ሌላ ማድረግ የምችለው ስለሌለ ወደ ወንበሬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ስክሪፕቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል፣ አንድ ቁልፍ መጫን ነው የቀረው። ቡድን መሪዋ ከወዲያ በኩል አውራ ጣቷን ቀሰረችልኝ፣ ቀጥዪ ማለቷ ነው። ጣቴን ቁልፉ ላይ አሳረፍኩ።

ሁሉንም በአንዴ።

ጣቴን አነሣሁ። «ሁሉ» የምትለውን ቃል ዛሬ ሁለተኛ ጊዜ መስማቴ ነው፣ ሁለቱንም ጊዜ ከኔ አፍ ነው የወጣችው። ስክሪፕቱ የሚነካቸውን ስሞች አወጣሁና አንድ በአንድ ማንበብ ጀመርኩ፣ እንደ ማሽን ሳይሆን እንደ ሰው። userID፣ ልክ። doctorID፣ ልክ። ወርጄ ወርጄ አንድ ቦታ ዓይኔ ተተከለ። VALID። ጸንቶ ያለ ቀጠሮ ሁሉ ዳታቤዙ ውስጥ የሚታወቀው በዚህች ቃል ነው፣ ይህ ቀጠሮ ይሠራል ማለት ናት። ምህጻረ ቃል አይደለችም፣ መጨረሻዋ ላይ ብቻ አይና ዲ አሉባት። የኔ ስክሪፕት ግን VALId ሊያደርጋት ነው። ዳታቤዙ በትልቁ ዲ እንዳለ ይቀራል፣ ኮዱ በትንሹ ዲ ይፈልጋል፣ አይገናኙም፣ የከተማው የጥርስ ቀጠሮ በሙሉ ባንድ ጀምበር ውድቅ። ሙከራዎቹ አረንጓዴ የሆኑትም ለዚሁ ነው፣ እነሱንም ለውጬ ከስህተቴ ጋር አስማምቻቸዋለሁ፤ አባትም እናትም ወታደር የሆኑበት ወረቀት እርስ በርሱ ምንኛ ይስማማል!  ሽበቱን ጠራሁት፣ ወንበሩን ገፍቶ መጣ፣ በጣቴ አሳየሁት። መነጽሩን ከፍ አድርጎ አየና «እኔ ብጽፈው ኖሮ ስንት ጊዜ ትስቂብኝ ነበር?» አለኝ። «እስከ ጡረታዎ» አልኩት። ሳቀ። ሕጉ አልተነካም፣ ሕጉ ልክ ነው፣ ትንሹ ዲ ነው፤ ስሞቹን ግን አንድ በአንድ እያየሁ ነው የምቀይረው፣ ሳምንት ይፍጅ።

ስልኩ እንደገና ሲንቀጠቀጥ እጄ ቀድሞኝ አነሣው። ደረጃው ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። እማዬ ናት፣ ትተነፍሳለች፣ እየተራመደች ነው።

«ወጣሁ።»

«ምን አሉሽ?»

«ወታደር ነሽ ወይ አለኝ መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ። እኔ? አልኩት። ወረቀቱን በመስታወቱ አሳየኝ፣ አስተርጓሚዋ አነበበችልኝ። ሳቄን መቻል አቃተኝ።»

«ሳቅሽ? እዚያ ቆመሽ?»

«ምን ላድርግ ታዲያ፣ ላልቅስ? ልጄ፣ አልኩት፣ ወታደሩ ባሌ ነው። መጀመሪያ እሱን ወይዘሮ አደረጋችሁብኝ፣ ልጄ ተናደደችና ይኸው ሁለታችንንም ወታደር አደረገችን። አስተርጓሚዋ ከሳቋ ብዛት መተርጎም አቅቷት ቆመች። በኋላ ስትነግረው እሱም ሳቀ። ከዚያ ኮስተር ብሎ፣ ባልሽ ወታደር መሆኑ ገብቶኛል፣ ያንቺ ግን ስህተት ነው፣ ወረቀቱን ልመልስልሽና አስተካክለሽ ሌላ ቀን ነይ፣ ወይስ ስህተቱን መዝግቤ እንዳለ ልቀበልሽ? አለኝ።»

«እንዳለ ይሁን አልሽው አይደል?»

ቆመች። እግሯ ሲቆም ይሰማኛል፣ መኪና ሲያልፍ ይሰማኛል።

«ምን አልኩት መሰለሽ። ልጄ አባቷ ሲቀበር አልነበረችም፣ አልኩት። እሱ ከእንግዲህ የትም አይሄድም። ማዕረጉን ከስሜ ፊት እኔ ይዤላት ልሂድ፣ ተወው፣ አትንካው አልኩት።»

 ደረጃው ላይ ሰው ወደ ላይ አለፈ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«አለሽ?» አለችኝ።

«አለሁ እማዬ። ፓስፖርትሽስ?»

«አስቀረው። አልሰጥህም ብዬ ልጣላው ምንም አልቀረኝም፤ ስወጣ ግን ፓስፖርቱን የሚያስቀሩት ቪዛ ሊመቱበት ነው አለኝ ወንድምሽ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እንግዲያው መምጣቴ ነው» አለች፣ ሱቅ ደርሳ እንደምትመጣ ሰው፣ ከዚያም ጉልበቷን እያሟሟቀች ከወንድምጋሼ ጋር በታክሲ ዋጋ መከራከር ጀመረች፣ ስልኩን መዝጋት ረስታዋለች፣ እኔም አልዘጋሁትም። አባዬን አልቀበርኩትም። ማዕረጉን ግን ከነተሸካሚዋ ኤርፖርት ወጥቼ እቀበለዋለሁ፣ በሙሉ፣ ያለ እዝባር።